ከእርሳሱ በፊት ማዕከሉ፦ የከባድ መኪና ጎማ ባላንስ

የጭነት መኪና ወይም የአውቶቡስ መሪ ፍጥነቱ 80 ላይ ሲደርስ መንቀጥቀጥ ከጀመረ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ባላንስ ይሠራለት» ነው። ምክሩ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ከምክሩ በኋላ የሚሠራው ሥራ ግን ሁልጊዜ ልክ አይሆንም። ጎማው ይፈታል፣ ማሽን ላይ ይወጣል፣ ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ክብ) ጠርዝ ላይ እርሳስ፣ ማለትም ሚዛን የሚያስተካክል ትንሽ ክብደት፣ ይመታል፣ ማሽኑ ዜሮ ያሳያል፤ መኪናው መንገድ ሲወጣ መሪው ያው ይንቀጠቀጣል። ማሽኑ አልዋሸም። ጎማው ማሽኑ ላይ የዞረበት ማዕከልና መኪናው ላይ የሚዞርበት ማዕከል ስላልገጠሙ ነው። በቤት መኪና ይህ ስሕተት ሊታለፍ ይችላል። በከባድ መኪና ለምን እንደማይታለፍ በቁጥር ማየት ይቻላል።

ክብደቱና ጉልበቱ

መጠኑ 295/80 አር 22.5 የሆነ ጎማ ብቻውን 60 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። የብረት ቸርኬው ሌላ 40 ኪሎ ያህል ይጨምራል። ለስሌት እንዲመች ሁለቱን አንድ ላይ 105 ኪሎ እንበል። ይህ ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 3.2 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ስለዚህ መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በየሰከንዱ 7 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው።

አሁን በቸርኬው ጠርዝ በአንድ በኩል 300 ግራም ትርፍ ክብደት አለ እንበል። ጠርዙ ከመሀሉ የሚርቀው 29 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በ80 ፍጥነት ያ 300 ግራም ጎማውን ወደ ውጭ የሚጎትተው በ17 ኪሎ ጉልበት ነው፤ ያውም በሰከንድ 7 ጊዜ፣ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ። ጉልበቱ ደግሞ ከፍጥነቱ ቀድሞ ያድጋል፦ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ያው 300 ግራም በ40 ፍጥነት የሚጎትተው 4 ኪሎ ብቻ ነው፤ በ100 ደግሞ 27 ኪሎ ይደርሳል። በዝግታ ሲሄድ ምንም የማይሰማው መኪና ረጅም መንገድ ላይ ሌላ መኪና የሚመስለው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ አክስሉ፣ ጎማውና ባሌስትራው (የብረት ሞላው) በጋራ የራሳቸው የመንጠር ልክ አላቸው። እንደ አሠራሩ ይለያያል እንጂ በብዙ ከባድ መኪና በሰከንድ 10 ጊዜ አካባቢ ነው። የጎማው ዙር ወደዚህ ቁጥር በተጠጋ መጠን ትንሹ ግፊት ትልቅ ነጠራ ያስነሳል፤ ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅን ጊዜውን ጠብቆ እንደ መግፋት ነው። አሞርዛቶሩ ያለቀ መኪና ላይ 100 ግራም እንኳ የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ነጠራውን የሚያበርድለት የለም።

መዛባቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ስታቲክ የሚባለው፣ ክብደቱ በአንድ በኩል ብቻ ሲበዛ የሚፈጠረው ነው። ጎማውን በክሪክ አንሥቶ በነፃ ቢለቁት ከባዱ ጎን ዞሮ ታች ላይ ያርፋል፤ ሲነዳም ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ይነጥራል። ሁለተኛው ዳይናሚክ ነው። ከባዱ ቦታ ከውስጥ በኩል አንድ ጎን ላይ፣ ከውጭ በኩል ደግሞ በተቃራኒው ጎን ላይ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጎማ ቆሞ ሲታይ ሚዛኑ ልክ ነው፤ የትም ቢለቁት ባለበት ይቆማል። በፍጥነት ሲዞር ግን ሁለቱ ክብደቶች ወደ ተለያየ አቅጣጫ ስለሚጎትቱ ጎማው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ መሪውንም ይዞ ይወዛወዛል። የከባድ መኪና ቸርኬ ሰፊ ስለሆነ፣ ለምሳሌ 9 ኢንች፣ ይህ ሁለተኛው ዓይነት በፊት ጎማ ላይ ሊናቅ አይገባም።

አንድ ሚሊ ሜትር ስንት ግራም ነው?

ያ 105 ኪሎ ጎማ ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የአክስሉ ጫፍ) ላይ ሲታሰር ከመሀል 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝንፍ ቢል የሚፈጠረው መዛባት ጠርዙ ላይ 360 ግራም እንደ መለጠፍ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 105,000 ግራም በ1 ሚሊ ሜትር ተባዝቶ፣ ክብደቱ በሚመታበት ርቀት ማለትም ለ290 ሚሊ ሜትር ይካፈላል። ዝንፈቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሆነ 180 ግራም ይሆናል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ማለት ሞዞው አንገት ላይ የደረቀ የዝገት ቅርፊት ወይም በላይ በላዩ የተቀባ ቀለም ውፍረት ነው። ባላንስ ሠሪው 20 ግራም ለማስተካከል ሲደክም ውሎ፣ ጎማውን የሚያስረው ሰው ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ ሳያጸዳ ቢቀር የዘጠኝ እጥፉን መዛባት መልሶ አስገባ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ቸርኬ መሀሉን የሚያገኘው በምን እንደሆነ ማወቅ የግድ ነው። በዛሬዎቹ መኪኖች በብዛት የሚታየው ቸርኬው በመሀል ቀዳዳው የሞዞው አንገት ላይ የሚቀመጥበት አሠራር ነው፤ ዳዶው ጠፍጣፋ ከነዋሸሩ ነው፣ ሥራውም መጨበጥ ብቻ ነው። ለምሳሌ 10 ቡሎን ያለው፣ የቡሎኖቹ ክብ 335 ሚሊ ሜትር፣ የመሀል ቀዳዳው 281 ሚሊ ሜትር የሆነው ቸርኬ ከዚህ ወገን ነው። በቆየው አሠራር ደግሞ ቸርኬውን መሀል የሚያስገቡት ራሳቸው ቡሎኖቹ ናቸው፤ ዳዶው ክብ ወይም ሾጣጣ አፍ አለው፣ የቸርኬው ቀዳዳም በዚያው ልክ ተቆርጧል። ሁለቱ ማሽን ላይ የሚታሰሩት በተለያየ መንገድ ነው። አንዱን እንደ ሌላው ማሰር የተለመደ ጥፋት ነው።

እርሳስ ከመምታት በፊት

መንቀጥቀጥ ሁሉ የባላንስ አይደለም፤ መኪናውን ሳይነዱ ጎማ መፍታትም ጊዜ ማባከን ነው። የባላንስ መንቀጥቀጥ በተወሰነ ፍጥነት ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 90 ባለው፤ ፍሬን ቢያዝም ባይያዝም አለ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የሚታየው ታምቡሩ ወይም ዲስኩ ነው። በ20 እና በ30 ፍጥነት ጭምር መኪናው እንደ አንካሳ የሚሄድ ከሆነ ጎማው ክብነቱን አጥቷል ወይም ቸርኬው ተጣሟል፤ ይህን እርሳስ አያድነውም። ከወለሉ በኩል የሚመጣ ፈጣን፣ እንደ ጉምጉምታ ያለ ንዝረት ደግሞ የካርዳን ዘንግ ሊሆን ይችላል። በቁጥርም መለየት ይቻላል። የስልክ የንዝረት መለኪያ መተግበሪያ ካቢኑ ወለል ላይ ቢቀመጥ፣ በ80 ፍጥነት የጎማ መዛባት በሰከንድ 7 አካባቢ ላይ ጎልቶ ይታያል። ዲፈረንሻሉ 4 ለ1 የሚያጥፍ ከሆነ ካርዳኑ በዚያው ፍጥነት 28 ጊዜ ይዞራል። ሁለቱ የሚምታቱ አይደሉም።

ከዚያ የፊት አክስሉ ይነሣል። የኋላ ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ፣ አክስሉ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በመደገፊያ እግር ላይ ያርፋል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መወዝወዝ የኩሺኔታና የኪንግ ፒን (መሪ ሲዞር የፊት ጎማው የሚታጠፍበት ምሰሶ) ልቅነትን ያሳያል፤ ከግራና ከቀኝ ይዞ መወዝወዝ የመሪ ዘንግ መገጣጠሚያዎችን። ልቅ ነገር ካለ መጀመሪያ እሱ ይጠገን። በመቀጠል መሬት ላይ አንድ የቆመ ነገር፣ ጠመኔም ይሁን ሽቦ፣ ከጎማው ፊት ትንሽ ክፍተት ትቶ ይቀመጥና ጎማው በእጅ ቀስ ብሎ ይዞር። ክፍተቱ በሰፊውና በጠባቡ ቦታ መካከል ከ2.5 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ የፊት ጎማ ላይ ባላንስ መጀመር የለበትም። ያው ልኬት በጎማው ጎን ላይም ይደገማል።

ልዩነቱ ከተገኘ ምንጩ ብዙ ጊዜ የጎማው አቀማመጥ ነው። በጎማው ጎን፣ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ። ያ መስመር ከጠርዙ ያለው ርቀት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። በአንድ በኩል 4፣ በሌላው 7 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጎማው ወንበሩ ላይ በትክክል አልገባም። አየሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ከንፈሩ ከቸርኬው ተላቆ፣ የቸርኬው ወንበር ከዝገትና ከቆየ የጎማ ፍርፋሪ ጸድቶ፣ በጎማ መግጠሚያ ቅባት ተቀብቶ እንደገና ይነፋል። የሞተር ዘይትና ግሪስ ለዚህ አይሆኑም፤ ጎማውን ይጎዳሉ፣ አይደርቁም፣ ጎማውም ፍሬን ሲያዝ ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል። የተንሸራተተ ጎማ ደግሞ ባላንሱን ይዞ ነው የሚሄደው።

አዲስ ጎማ ላይ ባለ ቀለም ነጥቦች ይታያሉ። በብዙ አምራቾች ዘንድ ቢጫው ቀላሉን ቦታ ያሳያል፤ ቫልቩ ትይዩ ይደረጋል፣ ምክንያቱም ቫልቩ ያለበት ቦታ በክብደት ትንሽ ይበልጣል። ቀዩ ጎማው ከፍ የሚልበትን ቦታ ያሳያል፤ ቸርኬው ዝቅ የሚልበት ምልክት ካለው ሁለቱ ይገናኛሉ። ሁለቱም ነጥቦች ካሉ ለከባድ መኪና ቀዩ ይቅደም። የክብደት ልዩነት በእርሳስ ይሞላል፤ የክብነት ልዩነትን የሚሞላ ነገር የለም።

ማሽን ላይ

ጎማው ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር የተነዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ቆሞ ያደረ ጎማ በታች በኩል ይጠፈጠፋልና። አየሩ በሚነዳበት ልክ ይነፋል። ጥርሱ መሀል የተሰነቀረው ጠጠር ይለቀማል። የቸርኬው የውስጥ በኩል ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እዚያ የደረቀ ጭቃ በቀላሉ 200 ግራም ይመዝናል፣ በእሱ ላይ ተመሥርቶ የተመታ እርሳስም ጭቃው በወደቀ ማግስት ራሱ መዛባት ይሆናል። የቆዩት እርሳሶች በሙሉ ይነቀላሉ። ከኮምፕሬሰር የመጣ ውኃ ጎማው ውስጥ ካለ ማሽኑ በዞረ ቁጥር ሌላ ቁጥር ይሰጣል፤ መፍትሔው ጎማውን አውርዶ ማድረቅ ነው።

በመሀል ቀዳዳው የሚቀመጥ ቸርኬ ማሽኑ ላይ በኮን ወይም በልኩ በተሠራ ቀለበት ይታሰራል። በቡሎን የሚቀመጠው ግን ቡሎን መሰል ጣቶች ባሉት ጠፍጣፋ ማሰሪያ፣ በቡሎን ቀዳዳዎቹ በኩል መታሰር አለበት። የእሱ የመሀል ቀዳዳ በጥንቃቄ የተቆረጠ አይደለም፤ ማዕከሉን አይናገርም። ጎማው በማሽኑ ማንሻ ተነሥቶ፣ ክብደቱ ዘንጉ ላይ ሳይንጠለጠል ይጠበቃል። እያጠበቁ ጎማውን በእጅ ቀስ ብሎ ማዞር ኮኑ መሀሉን እንዲያገኝ ይረዳል።

ከዚያ ሦስት ልኬቶች ይገባሉ፦ ከማሽኑ እስከ ቸርኬው ያለው ርቀት፣ የቸርኬው ስፋትና የቸርኬው ቁመት (ዲያሜትሩ)። ስፋቱ በስሕተት ከገባ ማሽኑ የውስጡንና የውጩን ክብደት በተሳሳተ መጠን ያከፋፍላል፤ ሠራተኛው ሦስት አራት ጊዜ እየመታ ዜሮ ሲያሳድድ ከታየ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ንባብ ከመጣ በኋላ እርሳስ ከማንሣት በፊት አንድ ፈተና አለ። ብዙ ቦታ ይዘለላል፤ የሚፈጀው ግን ሁለት ደቂቃ ነው። ንባቡ ይጻፋል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ ጎማው ዘንጉ ላይ በግማሽ ዙር ይዞርና እንደገና ታስሮ ይለካል። ከባዱ ቦታ ከጎማው ጋር አብሮ ከሄደና ግራሙ ካልተለወጠ አያያዙ ትክክል ነው። ቁጥሩ በ50 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከተለወጠ፣ ወይም ቦታው ከተዛወረ፣ ማሽኑ የሚለካው የራሱን አያያዝ ስሕተት ነው። ኮኑ ይጸዳል፣ የቸርኬው ቀዳዳ ጠርዝ ይታያል፣ እንደገና ይታሰራል። ማሽኑን ራሱን ለመፈተን ደግሞ ዜሮ ባሳየ ጎማ ላይ አንድ 100 ግራም ይመታና ይለካል፤ በዚያው በኩል፣ በትክክል ተቃራኒው ቦታ ላይ 100 መጠየቅ አለበት።

እርሳስ የሚለው ስም ከድሮ የቀረ ነው፤ ዛሬ ብዙው ዚንክ ወይም ብረት ነው። ለከባድ መኪና ከ50 እስከ 500 ግራም ባለው መጠን ይገኛል። መንጠቆው ከቸርኬው ጠርዝ ዓይነት ጋር መግጠም አለበት። ያለ የውስጥ ጎማ የሚሠራው ቸርኬና ባለ ቀለበቱ ቸርኬ የተለያየ ጠርዝ አላቸው፤ የአንዱ መንጠቆ ሌላው ላይ የያዘ ይመስላል እንጂ ጉድጓድ ሲያገኝ ይወረወራል። መንጠቆው ሙሉ በሙሉ ተቀምጦ፣ የክብደቱ አካል ጠርዙን ነክቶ፣ በእጅ ሲገፋ የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት። አንዴ የተነቀለ መንጠቆ ተከፍቷልና አይመለስም። በአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ይመረጣል፤ ቦታው በአልኮል ጸድቶ፣ ደርቆ፣ አጥብቆ ተጭኖ ነው የሚለጠፈው።

ትልቅ ክብደት በሁለት ትናንሾች መተካት ካስፈለገ ጎን ለጎን ይመቱ። ከተራራቁ ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ በክቡ ላይ በአንድ ሦስተኛ ዙር የተራራቁ ሁለት 150 ግራሞች አንድ ላይ የሚሠሩት የአንዱን የ150 ሥራ ብቻ ነው። ተቃራኒ ለተቃራኒ ከሆኑ ደግሞ ዜሮ ነው። ብዙ ዓመት የሠሩ ቸርኬዎች ዙሪያቸውን እርሳስ ደርድረው የሚታዩት አንዱ ሌላውን ለማረም ሲመታ ነው።

ለፊት ጎማ በእያንዳንዱ በኩል የሚቀረው መዛባት ከ50 ግራም በታች ከሆነ ይበቃል። አንድ ጎማ በድምሩ ከ500 ግራም በላይ ከጠየቀ ግን ከመምታት መቆም ይሻላል። ጎማው ቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር ዞሮ እንደገና ይለካ። የጎማው ከባድ ቦታና የቸርኬው ከባድ ቦታ ተገጣጥመው ከነበረ ቁጥሩ በብዙ ይወርዳል። ካልወረደ ውስጡ ትልቅ ልጣፍ፣ ውኃ ወይም የተላቀቀ ነገር አለ ማለት ነው።

ወደ ሞዞው መመለስ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው። የሞዞው ፊት፣ አንገቱ፣ የታምቡሩ ፊትና የቸርኬው ሁለቱም ፊቶች በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ይጸዳሉ። ቸርኬው የተቀባ ከሆነ የቀለሙ ውፍረት ይታያል፤ ወፍራም ቀለም ከጊዜ በኋላ እየተጨፈለቀ ዳዶውን ያላላል። በመሀል ቀዳዳው የሚቀመጠው ቸርኬ ሲገባ፣ ሞዞው ዙሪያ ካሉት መቀመጫ ጉብታዎች አንዱ በትክክል ወደ ላይ እንዲሆን ሞዞው አስቀድሞ ይዞር። የቸርኬው ክብደት በዚያ ጉብታ ላይ ይንጠለጠልና ራሱን መሀል ያደርጋል። ላይ ጉብታ ከሌለ ቸርኬው በሁለት ጉብታዎች መካከል ዝቅ ብሎ ይታሰራል፣ ያ ዝቅታም ያው የምናውቀው ሚሊ ሜትር ነው።

ዳዶዎቹ በኮከብ ቅርጽ፣ ተቃራኒውን ከተቃራኒው እያፈራረቁ፣ መጀመሪያ በቀላሉ ወደ 70 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ እስከ ሙሉ ልኩ ይጠብቃሉ። በ22 ሚሊ ሜትር ቡሎን ሙሉው ልክ ብዙ ጊዜ 600 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ የመኪናው መመሪያ የሚለው ግን ይበልጣል። በአየር ማጥበቂያ አንዱን ዳዶ በአንድ ጊዜ ጨርሶ ወደ ጎረቤቱ መሄድ ቸርኬውን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። የመጨረሻው ጥብቀት በቶርክ ቁልፍ ነው።

መኪናው ላይ እንዳለ ባላንስ ማድረግ

ጎማውን ሳይፈቱ፣ በክሪክ ተነሥቶ እያለ በኤሌክትሪክ ሞተር ፍትጊያ የሚያዞር መሣሪያም አለ። አክስሉ ሥር የተቀመጠ ንዝረት አንባቢ ከባዱ ቦታ የት እንዳለ ይናገራል፤ በቆየው ዓይነት ብልጭ ድርግም የሚል መብራት በጎማው ላይ ያለውን የጠመኔ ምልክት የቆመ አስመስሎ ያሳያል። ትልቁ ጥቅሙ ጎማውን፣ ቸርኬውን፣ ሞዞውንና ታምቡሩን በአንድነት፣ በትክክለኛው ማዕከል ላይ መለካቱ ነው። አንድ ታምቡር 50 ኪሎ ሊደርስ ይችላልና የራሱ መዛባት ቀላል አይደለም፤ ከጎማ ማሽን ላይ ዜሮ ያለ ጎማ መኪናው ላይ እምቢ ሲል ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ድክመቱ ሁለት ነው። በዋናነት የሚያርመው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሆነውን ነጠራ እንጂ የግራ ቀኙን ውዝዋዜ አይደለም። ሌላው፣ ጎማው በሌላ ጊዜ ተፈቶ በሌላ ቡሎን ላይ ከተመለሰ ባላንሱ ጠፋ፤ ስለዚህ ቫልቩ ትይዩ ያለው ቡሎን ላይ በቀለም ምልክት ይደረግ። ጥሩው አካሄድ ሁለቱን ማጣመር ነው፦ መጀመሪያ ማሽን ላይ ለሁለቱም ዓይነት ማረም፣ ከዚያ መኪናው ላይ የቀረውን መልቀም።

የኋላ ነጂ ጎማን በመኪናው ሞተር እያዞሩ በዚህ መንገድ መሥራት አይመከርም። አንዱ ጎማ መሬት ከነካና ሌላው ከተነሣ ዲፈረንሻሉ የተነሣውን በእጥፍ ያዞረዋል፤ ቆጣሪው 40 ሲል ጎማው በ80 ልክ እየዞረ ነው። የዲፈረንሻሉ ትናንሽ ጥርሶች ለእንዲህ ያለ የቆየ ዙር አልተሠሩም፣ መኪናውም ከመደገፊያው ቢወርድ በራሱ ይነዳል።

ማሽን ከሌለ

የማይነዳ የፊት አክስል ላይ ሞዞውን እንደ ሚዛን መጠቀም ይቻላል። ፍሬኑ እንዳልያዘ ይረጋገጣል፣ ጎማው ይነሣል፣ በእጅ ቀስ ብሎ ይዞርና ራሱ እስኪቆም ይጠበቃል። የቆመበት ታችኛው ነጥብ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። አራት አምስት ጊዜ ተደግሞ ያው ነጥብ ታች ከመጣ ከባዱ ጎን እሱ ነው። ትይዩው ላይ፣ አናት ላይ፣ 100 ግራም ይያዝና ይደገማል፤ ጎማው የትም ቦታ የሚቆም እስኪሆን ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። ክብደቱ ከ200 ካለፈ ግማሹ ከውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ ይመታል። የኩሺኔታው ግሪስ ትንሹን መዛባት ስለሚውጠው ከዚህ ዘዴ ብዙ ረቂቅነት አይጠበቅም፤ ዳይናሚኩንም ጨርሶ አያይም። ነገር ግን 400 ግራም የተዛባን ጎማ ወደ 100 ማውረድ ራሱ መሪውን ይለውጠዋል።

ጎማ ውስጥ የሚፈስሱ ቅንጣቶችና ቀለበቶች

ከጎማው ውስጥ የሚጨመሩ የመስታወት፣ የሴራሚክ ወይም የፕላስቲክ ቅንጣቶች በረጅም መንገድ መኪኖች ላይ የተለመዱ ሆነዋል። ለ22.5 ጎማ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 400 ግራም ነው፤ የአምራቹ ሰንጠረዥ ይታያል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ያልተመጣጠነ ጎማ በነፃ ሲዞር በክብደቱ መሀል ዙሪያ ለመዞር ስለሚፈልግ ከባዱ ጎን ወደ ውስጥ ይጠጋል፣ ቀላሉ ጎን ወደ ውጭ ይወጣል። ልቅ የሆኑት ቅንጣቶች ደግሞ ከመሀል ወደ ራቀው ቦታ፣ ማለትም ወደ ቀላሉ ጎን ይሄዳሉ። ጎማው ሲያልቅና ክብደቱ ሲቀየር እነሱም ቦታቸውን ይቀይራሉ።

ሐሳቡ የሚሠራው ግን ጎማው ከአክስሉ የመንጠር ልክ በበለጠ ፍጥነት ሲዞር ነው፤ ከባድ መኪና ደግሞ የሚነዳው በዚያው ድንበር አካባቢ ነው። አንዱ ሾፌር ሲያመሰግነው ሌላው ምንም አላየሁም የሚለው ለዚህ ይመስላል። ከ10 ኪሎ ሜትር በታች በሆነ ፍጥነት ቅንጣቶቹ ከታች ይንከባለላሉ፤ ማሽን ላይም አይሠሩም፣ ዘንጉ የተያዘ ስለሆነ። ቅንጣት ያለበት ጎማ ማሽን ላይ ከወጣ የሚሰጠው ቁጥር ትርጉም የለውም። እርጥበት ጠላታቸው ነው፤ ረጥበው ሲጋገሩ የራሳቸውን መዛባት ይፈጥራሉ። ሲጨመሩ የቫልቩ ውስጠኛ ክፍል ወንፊት ባለው ይቀየር፤ አለዚያ አየር ሲለካ ቅንጣት ገብቶበት አየሩ ሲያፈስ ያድራል።

በሞዞውና በቸርኬው መሀል የሚገባ፣ በውስጡ ኳሶችና ዘይት ያሉት ቀለበትም በዚሁ ሐሳብ ይሠራል። ለእርጥበት አይጋለጥም፣ ጎማ ሲቀየርም ባለበት ይቀራል። ከመግጠም በፊት መታየት ያለበት የቡሎኑ ርዝመት ነው፦ ቀለበቱ ከገባ በኋላ ቡሎኑ ከዳዶው አልፎ መውጣት አለበት፣ የሞዞው ጉብታም ቸርኬውን ለመሸከም በቂ ቁመት ሊቀረው ይገባል። መንታ ጎማ ላይ ይህ በተለይ ይጠበባል።

የጎልፍ ኳስ ጎማ ውስጥ መክተት የሾፌሮች የቆየ ብልሃት ነው። ኳሶቹ ተፈጭተው ዱቄት ይሆናሉ፣ የጎማውን ውስጥም ይቦረቡራሉ። ውኃ ወይም የራዲያተር ፈሳሽ መጨመርም ቸርኬውን ከማዛግ ያለፈ ጥቅም የለውም።

የኋላና የተሳቢ ጎማዎች

ሾፌሩ ስለማይሰማው የተሳቢ ጎማ ባላንስ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ጎማው ግን በአበላሉ ይናገራል። ጥርሱ ዙሪያውን ጎድጎድ ከፍ፣ ጎድጎድ ከፍ እያለ እንደ ማንኪያ ከተበላ አሞርዛቶሩና ባላንሱ አብረው ይታዩ። በመንታ ጎማ ላይ ከባላንሱ በፊት የሁለቱ ቁመት ይለካ፤ ዲያሜትራቸው ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ ትልቁ ጭነቱን ይሸከማል፣ ትንሹ እየተጎተተ ያልቃል። ቫልቮቹ ተቃራኒ ለተቃራኒ ይቀመጣሉ። ዳግም የተለበጠ ጎማ ከአዲሱ ይልቅ ክብደቱ ዙሪያውን ሊለያይ ስለሚችል ፊት ላይ የሚታሰር ከሆነ ሳይመዘን አይታሰር።

ሥራው ካለቀ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ዳዶዎቹ በቶርክ ቁልፍ እንደገና ይፈተሻሉ። በዚያው ጊዜ ቸርኬው ጠርዝ ላይ ዓይን ይጣል፦ በአቧራው መሀል ንጹሕ፣ አራት ማዕዘን የሆነ የሚያበራ ቦታ ከታየ እርሳሱ ወድቋል። ስንት ግራም እንደነበረ ከሥራ ወረቀቱ ላይ አይቶ መልሶ መምታት ይቻላል፤ መጠኑ ካልተጻፈ ግን ጎማው እንደገና ማሽን ላይ ይወጣል።